ማስታወቂያችን የት አደረ?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

ደብረ ታቦር ከተማ ያላችሁ፣ ከጉና ግርጌ፣ ከፎገራ ሜዳ፣ ከጣራ ገዳም ሥር አዲስ ዘመን ላይ ሆናችሁ የምታዳምጡን ሁሉ ሰላማችሁ ይብዛ።

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ማስታወቂያ ነው። በተለይ በፌስቡክና በጉግል በኩል ከኪሳችሁ ከፍላችሁ ለምታስነግሩ፣ ወይም ነገ ለማስነገር ለምታስቡ። ቡና ላይ ከሆናችሁ ሁለተኛው ሳይወርድ እንጨርሳለን።

ቡሄ፣ ነሐሴ 13፣ ሲቃረብ ከተማችን ምን እንደምትመስል ለእናንተ አልነግራችሁም። ጅራፉ ሲጮህ፣ ልጆች ሙልሙል ፍለጋ ከደጅ ደጅ ሲዞሩ፣ ወደ ደብረ ታቦር ኢየሱስ የሚወጣው ምእመን መንገዱን ሲሞላው፣ የሚከራይ አልጋ ያለው ሰው ቀኑ የእሱ ነው። እንግዲህ አንዲት እናት እናስብ። አምስት ክፍል ያላት ፔንስዮን አላት። ሴትዮዋ የለችም፤ ለጨዋታችን የፈጠርኳት ናት። ነገር ግን "ይቺማ እኔ ነኝ" የምትሉ እንደማትጠፉ እገምታለሁ።

ነሐሴ ሲገባ ቡስት የሚያደርግላት፣ ማለትም ፌስቡክ ላይ ከፍሎ የሚያስነግርላት ልጅ ትፈልጋለች። ልጁ በዶላር የሚከፍል ካርድ አለው፤ ባይኖረውም ያለውን ሰው ያውቃል። ብሩንና የክፍሎቿን ፎቶ ትሰጠዋለች። ከሳምንት በኋላ ልጁ የስክሪን ፎቶ ይልክላታል። "ይኸው እትዬ፣ 40 ሺህ ጊዜ ታይቷል፣ 900 ጊዜ ተነክቷል" ይላታል። እሷም ደስ ይላታል። 40 ሺህ ማለት እኮ ቀላል ሕዝብ አይደለም! ስልኳ ግን አይጮህም። አንድ ሰው ብቻ ይደውላል፤ እሱም ቁጥር ተሳስቶ ነው።

ልጁ አልሰረቃትም። ቁጥሩንም አልፈጠረውም። እሷ ስንት ጊዜ እንደታየ ጠየቀች፣ እሱም መለሰላት። የት እንደታየ ግን ሁለቱም አልጠየቁም።

መጀመሪያ "ታየ" የሚለውን ቃል ራሱን እንፈትሸው። በኢንተርኔት ማስታወቂያ ሰዎች ቋንቋ አንድ ማስታወቂያ ታየ ተብሎ የሚቆጠረው ብዙ ጊዜ ሰው አይቶት አይደለም፤ የተከፈተው ገጽ ላይ ስለተጫነ ነው። ባነሩ ገጹ ታች ቢሆንና አንባቢው እዚያ ሳይደርስ ቢወጣም ሊቆጠር ይችላል። ጠበቅ ይላል የሚባለውን፣ የአሜሪካው የሚዲያ ልኬት ምክር ቤት ያወጣውን መስፈርት ብንወስድ እንኳ፣ የባነሩ ግማሽ ለ1 ሰከንድ ስክሪኑ ላይ ከቆየ ይበቃዋል። ግማሽ ባነር፣ አንድ ሰከንድ። ስልኩን የያዘው ሰው በዚያች ሰከንድ ወደ ድስቱ እያየ ይሁን ወደ ስክሪኑ፣ መስፈርቱ አይጠይቅም።

አሁን ደግሞ መንገዱን እንከተል። በዓለም ላይ ቁጥር ስፍር የሌለው የድረ ገጽና የአፕ ባለቤት አለ። ገጹ ላይ ባዶ ቦታ ይተውና ለጉግል ወይም ለመሰሉ ያከራየዋል። ጉግል ራሱ በዚህ መረቡ ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ድረ ገጾች፣ ቪዲዮዎችና አፖች እንዳሉ ይናገራል። አንድ ሰው ገጽ ሲከፍት፣ ገጹ ተከፍቶ ሳያልቅ ጨረታ ይካሄዳል፤ የእናትየዋ ማስታወቂያ ከማያውቃቸው ማስታወቂያዎች ጋር ይጫረትና ያሸነፈው ይለጠፋል። ፌስቡክም ቢሆን ካልከለከላችሁት ማስታወቂያችሁን ከራሱ ቤት አውጥቶ፣ ኦዲየንስ ኔትወርክ በሚባለው በኩል፣ የሌሎች ሰዎች አፕ ውስጥ ሊያሳድረው ይችላል። በዚህ ሁሉ መካከል "ይሄ ቦታ ለዚህች ሴት ይሆናታል ወይ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። ማሽን ነው። ብዙ ዕይታ አምጣ ካላችሁት ርካሹን ዕይታ ያመጣል።

ደላላ ቀጥራችሁ "ዕቃዬን ጩህልኝ፣ በጩኸቱ ቁጥር እከፍልሃለሁ" ብትሉት ምን ያደርጋል? ገበያው መሀል ገብቶ ከሰውና ከአህያ ጋር ከሚጋፋ፣ ራቅ ካለ ሜዳ ላይ ቁጭ ብሎ ቀኑን ሙሉ ቢጮህ ይቀለዋል። ማታ መጥቶ "ሺህ ጊዜ ጮኼያለሁ" ቢላችሁ አልዋሸም።

ታዲያ የኛ ማስታወቂያ የሚጮኸው ወዴት ነው? አንዱ ማደሪያው ጌም ነው። እናት ቡና ስታፈላ ልጇ እንዳያስቸግራት ስልኳን ትሰጠዋለች። የሦስት ዓመት ልጅ ፊኛ እያፈነዳ ይጫወታል። ከፊኛው አጠገብ "ምቹ አልጋ በደብረ ታቦር" የሚል ባነር ብቅ ይላል። ልጁም ሌላ ፊኛ መስሎት ጠቅ ያደርገዋል። በክሊክ የምትከፍሉ ከሆነ ተከፈለ ማለት ነው። ቅድም ካነሳናቸው 900 ክሊኮች ውስጥ ስንቶቹ የሕፃን ጣት ይሆኑ? የትልቅ ሰው አውራ ጣትም ከሕፃኑ ብዙ አይሻልም፤ ማስታወቂያውን ሊዘጋ ትንሿን ኤክስ ሲፈልግ ስቶ ባነሩን ይነካል።

ሌላው ማደሪያ ማስታወቂያ ለመስቀል ብቻ ተብለው የሚሠሩ ድረ ገጾች ናቸው። ከላይ የሚስብ ርዕስ፣ ከሥሩ ከዚህም ከዚያም የተለቃቀመ ጽሑፍ፣ ዙሪያውን ሁሉ ባነር። የአሜሪካ የማስታወቂያ አስነጋሪዎች ማኅበር በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ከመረመራቸው ማስታወቂያዎች ዕይታ 21 በመቶው፣ ከገንዘቡ ደግሞ 15 በመቶው እንዲህ ወዳሉ ገጾች ሄዶ አግኝቶታል። አንድ የማስታወቂያ ዘመቻ በአማካይ 44 ሺህ ድረ ገጾች ላይ ተበትኖ ነበር። እነዚህ አስነጋሪዎች ባለሙያ የሚቀጥሩ ትልልቅ ድርጅቶች ናቸው። እንግዲህ የኛይቱ እናት በአንድ ልጅና በአንድ ካርድ የት ልትደርስ ኖሯል?

እነዚህን ገጾች ባሰብኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የራሳችን እምቦጭ ነው። ከሩቅ ለሚያየው ለምለም መስክ ይመስላል፤ የቀረበው ሰው ግን ጀልባ እንደማያሳልፍ፣ ዓሣ አስጋሪውን ከውሃው እንደሚለየው ያውቃል። ጣና ላይ መስፋፋቱ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ከታወቀ ወዲህ የፎገራ፣ የሊቦ ከምከምና የደራ ገበሬ ወገቡ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ ሲነቅል አይታችኋል። ከናንተም መካከል የነቀላችሁ አላችሁ። ያጸዳችሁት ዳርቻ ስንት ጊዜ ነው መልሶ የለበሰው?

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ጉዳይ የሚያስተምሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ "ማስታወቂያችሁ የታየበትን ዝርዝር ክፈቱ፣ መጥፎ ገጽ ስታገኙ እየነቀላችሁ አስወግዱ" ይላሉ። ምክሩ መጥፎ ባይሆንም ለትንሽ ነጋዴ መጀመሪያው መሆን የለበትም እላለሁ። ዛሬ ሃምሳ ገጽ ትከለክላላችሁ፤ ነገ ሌላ ሃምሳ በሌላ ስም ይበቅላል። ነቅሎ መጨረስ የሚባል ነገር የለም። ይልቅ ከሌላው ጫፍ ጀምሩ። ማስታወቂያዬ እንዲታይ የምፈልገው እዚህ፣ እዚህና እዚህ ብቻ ነው በሉና አጥሩ።

(አጭር ሙዚቃ)

ይሄ የኔ ፈሊጥ ብቻ አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ትልቅ ባንክ ጄፒሞርጋን ቼስ የገባበትን ጉድ ልንገራችሁ። የባንኩ ማስታወቂያ በወር ወደ 400 ሺህ በሚጠጉ ድረ ገጾች ላይ ይወጣ ነበር። አንድ ቀን ፖለቲካ የሚወራበት፣ ሐሰተኛ ወሬ የሚነዛበት ገጽ ላይ ተሰቅሎ ተገኘና ነገሩ መፈተሽ ጀመረ። ከ400 ሺው ውስጥ ሰው ማስታወቂያውን ከማየት አልፎ አንዳች ነገር ያደረገባቸው 12 ሺህ ያህሉ ብቻ ሆነው ተገኙ። ከዚያ ምን ተደረገ መሰላችሁ? ረቂቅ ማሽን አልተገዛም። አንድ ለሥራ ልምምድ የገባ ተማሪ ተቀምጦ 12 ሺውን ገጽ አንድ በአንድ እየከፈተ አየ! 7 ሺው ወደቀ፣ 5 ሺው ቀረ። ባንኩም ማስታወቂያውን በ5 ሺው ላይ ብቻ ማውጣት ጀመረ። ከ400 ሺህ ወደ 5 ሺህ ሲወርድ ወጪውም ውጤቱም እምብዛም እንዳልተለወጠ ነው ያኔ የተናገረው። እስቲ አስቡት፤ የቀረው 395 ሺህ ገጽ ለካ ምንም አያደርግም ነበር።

በዚያው ዓመት ሳሙናና ዳይፐር አምራቹ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብልም በሦስት ወር ውስጥ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የኢንተርኔት ማስታወቂያ ቀንሶ ሽያጩ ብዙም እንዳልተነካ ገልጿል። ለእነሱ 100 ሚሊዮኑ ትምህርት ሆነ። ለእኛ 20 ዶላርም ትምህርት ነው፤ ምክንያቱም ያው 20 ዶላር ትናንትና የነበረው 20 ዶላር አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት በባንክ ዋጋ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ 20 ዶላር ማለት 1,140 ብር ያህል። ዛሬ አንዱ ዶላር ከመቶ ብር በላይ ነው፤ 20 ዶላር ከ2 ሺህ ብር ያልፋል፤ የካርድ ባለቤቱ የሚቆርጠው ሳይጨመር ማለት ነው። ሕፃኑ ፊኛ መስሎት የሚነካው ባነር ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመለስ፤ እኛ አካባቢ የባሰ ችግር አለ፤ የስማችን ነገር። ጉግል ላይ ማስታወቂያ ስታሠሩ "እነዚህ ቃላት ባሉበት ገጽ ላይ አውጣልኝ" ማለት ይቻላል። ለኛይቱ እናት ቡስት የሚያደርገው ልጅም "ደብረ ታቦር" ብሎ ይጽፋል። ደብረ ታቦር ግን ከተማ ብቻ ነው እንዴ? በዓል ነው፤ በመላ አገሪቱ፣ በውጭም ባሉ አብያተ ክርስቲያናት የሚከበር። ገሊላ ያለው ተራራም ነው። ስለዚህ ማሽኑ የአልጋውን ዋጋ ይዞ ስብከትና መዝሙር ላይ ይወጣል፤ ሰውየው አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ሆኖ ስለ ብርሃነ መለኮቱ ትምህርት ሊሰማ ሲል "ሙቅ ሻወር አለን" የሚል ይመጣበታል። ቅር ቢለው አይፈረድበትም።

አዲስ ዘመን ያላችሁማ የእናንተ ይብሳል። ጣራ ገዳምን ለመሳለም፣ ደኑንም ለማየት ለሚመጣ እንግዳ ምግብ ቤት ከፍታችሁ "አዲስ ዘመን" ብላችሁ ብታስነግሩ፣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው ጋዜጣ አለ፤ ጳጉሜንና መስከረም ላይ ደግሞ አገር ምድሩ "እንኳን ለአዲስ ዘመን አደረሳችሁ" ሲባባል ይሰነብታል። የደራ ሰዎችስ ብትሆኑ? ኦሮሚያ ሰሜን ሸዋ ውስጥም ደራ አለ። ጠላ ሻጯ እንኳ "የትኛው ደራ?" ብላ ትጠይቃለች፤ ማሽኑ ግን አይጠይቅም። ስለዚህ ስሙን ብቻውን አትስጡት። "ደብረ ታቦር ሆቴል"፣ "ደብረ ታቦር አልጋ"፣ "አዲስ ዘመን ሊቦ ከምከም" እያላችሁ አጣብቁለት።

ከስም ቀጥሎ ቦታ አለ። ማስታወቂያው የት አገር፣ የትኛው ከተማ ላለ ሰው ይታይ የሚለውን የምትሞሉበት ክፍል ነው። ጉግል ላይ ካልነካችሁት ተመርጦ የሚጠብቃችሁ፣ እዚያ ቦታ ያሉ ሰዎችን ብቻ ሳይሆን ስለ ቦታው ፍላጎት ያሳዩትንም የሚጨምረው ነው። ስለ ደብረ ታቦር አንድ ቀን የፈለገ ሰው ዓለም ዳር ላይ ሆኖም ሊታየው ይችላል። እዚያ ያሉትን ብቻ የሚለውን ራሳችሁ መርጣችሁ መቀየር አለባችሁ። ሌላም አለ፤ በሞባይል ዳታ የሚገባ ሰው ያለበትን ቦታ ማሽኑ ሁልጊዜ በትክክል አያውቅም፤ ወረታ ያለውን አዲስ አበባ ነው ብሎ ሊገምተው ይችላል። ስለዚህ በጣም አጥብባችሁ "ከተማዋን ብቻ" ብትሉት የራሳችሁን ሰው ልታስቀሩ ትችላላችሁ። ዙሪያውን በኪሎ ሜትር ሰፋ አድርጎ መስጠት ይሻላል።

ደግሞ ሩቅ ያየው ሁሉ ብክነት ነው ማለቴ አይደለም። ይህን ጠንቀቅ ብላችሁ ስሙኝ። አውራ አምባ ያለ ሸማኔ ጋቢና ፎጣውን ውጭ ያለ ሰው ቢያይለት ምን ይጠላል? ወረታ ሩዝ የሚፈትግ ሰው ደንበኛው ጎረቤቱ አይደለም፤ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ያለው የጅምላ ነጋዴ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ሴቶችን ሹሩባ የምትሠራ ልጅ ግን ከከተማዋ ውጭ የታየላት ሁሉ ባዶ ነው። የፔንስዮኗ እናት ደግሞ መካከል ላይ ናት። በዓሉን ከዘመድ ጋር ሊያከብር ከሜሪላንድ የሚመጣ ሰው ምርጥ እንግዳዋ ነው፤ ግን እሱ ነሐሴ 10 ላይ አይወስንም። ትኬቱን የሚቆርጠው ከወራት በፊት ነው። ለእሱ የሚነገረው ግንቦት ላይ ነው፤ ለጎንደርና ለባሕር ዳር እንግዳ ደግሞ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ። አንድ ማስታወቂያ ለሁለቱም ማውጣት ለሁለቱም አለማውጣት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እዚህ ላይ ልጨምር፤ ሳልጠቅሰው ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ሳይመለስ መቅረቱን ታስታውሳላችሁ። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ማሽኑ "ደንበኞችህ ጠፍተዋል፣ ገንዘብህን ላቁምልህ?" ብሎ አይጠይቅም። ከተሰጠው ቦታ ውስጥ መስመር ያለውን ፈልጎ ያሳያል። እናንተም ኢንተርኔት ስለሌላችሁ ገብታችሁ ማቆም አትችሉም። ስለዚህ ማስታወቂያ ስታስጀምሩ የሚያበቃበትን ቀንና ከዚህ አይለፍ የምትሉትን ገንዘብ ቀድማችሁ አስጽፉ። ውጭ ያለ ዘመድ ገብቶ የሚያቆምበት ፈቃድ ቢኖረው ደግሞ የበለጠ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እሺ፣ ቡስት ለሚያደርገው ልጅ ምን እንበለው? በፌስቡክ ከሆነ፣ ፖስቱ ሥር ባለው የቡስት ቁልፍ ብቻ እንዳይጨርሰው። አድስ ማናጀር የሚባለውን ከፍቶ የሚታይበትን ቦታ በእጁ ይምረጥ፤ ኦዲየንስ ኔትወርክን ያጥፋው። "ዕይታ አምጣልኝ" በሚለው ፈንታ "መልእክት" ወይም "ጥሪ" የሚለውን ግብ ይምረጥ። ማሽኑ የጠየቃችሁትን ነው የሚሰጣችሁ፤ ዕይታ ለጠየቀ ዕይታ፣ ደዋይ ለጠየቀ ደዋይ ይፈልጋል። በጉግል ከሆነ ደግሞ የምትፈልጓቸውን ድረ ገጾችና የዩቲዩብ ቻናሎች በስም ይጻፍ። ሰው የአካባቢውን ወሬ የሚሰማበት፣ የጉዞ ቪዲዮ የሚያይበት አሥር አሥራ አምስት ቻናል ለአምስት ክፍል ፔንስዮን ይበቃል። አፖችን በጅምላ ያስወጣ። ማሽኑ "ትንሽ ላስፋላችሁ" የሚልባቸው ምርጫዎች አሉ፤ ለጊዜው ይዝጋቸው። የሐዘንና የጦርነት ይዘት ያለበትንም ይከልክል፤ ሰው ሲያለቅስ ባየንበት ቪዲዮ ፊት "ኑ፣ ተዝናኑ" የሚል የኛ ባነር ቢመጣ የሚቃጠለው ብሩ ብቻ አይደለም፣ ስማችንም ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ የታየበትን ዝርዝር አውጥቶ ያሳያችሁ። አጠቃላይ ድምሩን አትቀበሉት፤ ዝርዝሩን። ብዙ ገንዘብ የበላው ከላይ እንዲሆን ይደርድርላችሁና የመጀመሪያዎቹን አሥር ተመልከቱ። ንቀላው የሚመጣው አሁን ነው፤ አጥሩ ከታጠረ በኋላ ዘሎ የገባ ካለ ያንን መንቀል ቀላል ነው።

የቴሌግራም ቻናል ያለው ሰው ዘንድ ሄዶ በቀጥታ መክፈልም አለ፤ ብዙዎቻችሁ ይህን እንደምትወዱ አውቃለሁ፤ እኔም አልጠላውም። ዶላር የለም፣ ጨረታ የለም፣ ቦታውን በዓይናችሁ አይታችሁ ትከራያላችሁ። ግን "100 ሺህ አባል አለኝ" ሲላችሁ የአባሉን ቁጥር ተዉትና በየፖስቱ ሥር ያለችውን የዓይን ምልክት እዩ። 100 ሺህ አባል ኖሮት ፖስቱን 2 ሺህ ሰው ካየው፣ የምትከፍሉት ለ2 ሺህ ነው።

ደግሞ ከልክ በላይ አታጥሩ። አጥሩ ጠቦ ሁለት ገጽ ብቻ ቢቀራችሁ ያው አንድ ሰው ደጋግሞ እያየው ይሰለቻል፤ ዋጋውም ይወደዳል። ለአንድ ሰው በቀን ከሁለት ሦስት ጊዜ በላይ እንዳይታይ ማድረግ የሚቻልበት ቦታ አለ፤ ልጁን ጠይቁት፤ ካላወቀ ሌላ ልጅ ፈልጉ።

የመጨረሻዋ ሥራ ኢንተርኔትም አያስፈልጋትም። እናትየዋ ከእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ አንድ የልጅ ደብተር ታስቀምጥ። ስልክ የደወለውን ሁሉ፣ አልጋ የያዘውንም ያልያዘውንም፣ "ስልኬን ከየት አገኙት?" ትበለው። ፌስቡክ ካለ ፌስቡክ፣ ዘመድ ነገረኝ ካለ ዘመድ፣ ታፔላውን አይቼ ካለ ታፔላ ብላ ትጻፍ። ቡሄ አልፎ እንግዳው ሲበተን ደብተሩን ትግለጠውና ለየትኛው ስንት ብር እንደከፈለች ከጎኑ ትጻፍበት። ሬዲዮ ሰምቼ ያለ ሰው ካለም ትጻፍልን። አንድም ሰው ካላለ ደግሞ፣ እባካችሁ እሱንም ደብቃችሁ አታስቀሩብኝ፤ ደውሉና ንገሩኝ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)